«የነብርን ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም» ምን ማለት ነው? (ሂትለር ጋ የገባው ወጣት ዶክተር ነገር)

ይቺን አባባል የማያውቅ የለም ግን አብዛኛው ሰው ሁለተኛዋን ግማሽ ብቻ ነው የሚጠቀምባት። የተጀመረ ነገር ሲከብድ «በቃ የነብር ጅራት ይዘናል አንለቅም» ይባላል፣ ስብሰባ ላይ ምናምን ወኔ መቀስቀሻ ሆናለች። ለኔ ግን ትልቁ ነገር ያለው መጀመሪያዋ «አይዙም» ላይ ነው።

እስቲ ቃሏን እንያት። «አትያዝ» አላለችም እኮ፣ «አይዙም» ነው ያለችው፣ እናቶቻችን «እንግዳ ፊት እንዲህ አይሉም» ሲሉን እንደነበረው ማለት ነው፣ ሰው የተባለ አያደርገውም ነው ነገሩ። ሁለተኛው «አይለቁም» ደሞ የዛ መንትያ ይመስላል እንጂ ክልከላ አይደለም፣ መልቀቅማ አሁኑኑ ብትለቅ ደስ ይልሃል፣ ግን እንዴት አድርገህ?

ምስሉ የከብትና የበረት ኑሮ ነው። በሬ ሲለግምና አልነሳም ሲል ጅራቱን ጠምዘዝ ታደርገዋለህ፣ እየተነጫነጨ ይነሳል፣ ገበሬ ሁሉ የሚያውቃት ዘዴ ናት። ነብር ላይ ግን ይሄ አይሰራም፣ ወገቡ እንደ ገመድ ተጣጣፊ ስለሆነ ፊቱ ወዲያ ነው ስትል ዞሮ እጅህ ላይ ነው። እንዳይዞር ያለህ አማራጭ መጎተት ብቻ ነው፣ ስትጎትት ደሞ የበለጠ ይናደዳል፣ እጅህ እየዛለ ነብሩ እየባሰበት ይሄዳል። ሲያዝ ደሞ ጅራቱ ለስላሳ ነው፣ ጥርስ የለበትም፣ የሚያታልለውም እሱ ነው። አራጣ የተበደረ ሰው ይሄን ሳይነግሩት ያውቀዋል፣ ሰፈራችን አንድ ጋሼ ነበሩ ለልጃቸው ሰርግ ትንሽ ብር ብለው ወስደው ወለዱን ለመክፈል ሌላ ወለድ ሲበደሩ ቤቱን ሸጠው ነው የወጡት።

ለዚህ አባባል ከታሪክ ምሳሌ ስጥ ብባል ካርል ብራንትን ነው የምጠራው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1904 አልዛስ ውስጥ የተወለደ ጀርመናዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነው። ወጣት እያለ ጋቦን ላምባሬኔ ሄዶ እዛ ሆስፒታል የነበረው ዶክተር አልበርት ሽቫይትዘር ጋ አፍሪካውያንን ለማከም አስቦ ነበር፣ ግን ላምባሬኔ ያኔ የፈረንሳይ ግዛት ስለነበረች የፈረንሳይ ዜግነትና ውትድርና ሲመጣበት ተወው። በ1932 የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ። በነሐሴ 1933 ባቫሪያ ውስጥ የሂትለር ረዳት የነበረው ብሩክነር በመኪና አደጋ ክፉኛ ሲጎዳ ብራንት እዛው አካባቢ ነበረና አክሞ አተረፈው። 29 ዓመቱ ነው። በቃ ጅራቷን የነካው እዚች ጋ ነው፣ እስቲ ያየኸውን የቆሰለ ሰው ማከም ምን ጥፋት አለው? ምንም። በማግስቱ ዓመት ሂትለር ጉዞ ሲወጣ አብሮት የሚሄድ ሐኪም አደረገው፣ በዛው ዓመት የዋና ሻምፒዮን የነበረችውን አኒ ሬቦርንን ሲያገባ ሂትለር ራሱ ሰርጉ ላይ ተገኘ። ባቫሪያ ተራራ ላይ የነበረው የሂትለር ቤት ቤተሰብ ሆነ ማለት ነው። እኛ ጋ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ሌላ አባባል አለ አይደል፣ የዚህን ልጅ ጆሮ ያኔ ያገኘችው ያቺኛዋ ነበረች።

ከዛ 1939 መጣ። አንድ አባት አካል ጉዳተኛ ሕፃን ልጁ እንዲገደልለት ለሂትለር ማመልከቻ ጻፈ፣ ሂትለር ብራንትን ላይፕዚግ ሄደህ እየው ብሎ ላከው፣ ሕፃኑም ተገደለ። ብዙም ሳይቆይ መስከረም 1 ቀን 1939 የሚል ቀን ያለበት የሂትለር ወረቀት «የማይድኑ» የተባሉ ሕመምተኞችን «በምሕረት ሞት» የማሰናበት ሥልጣን ለሁለት ሰው ሰጠ፣ አንዱ ቡለር የሚባል የፓርቲ ሰው ሌላው ብራንት። ቲ4 በሚባለው በዚህ ሥራ እስከ ነሐሴ 1941 ብቻ 70,000 የሚሆን ሰው በጋዝ ተገደለ፣ የአእምሮ ሕመምተኛ፣ አካል ጉዳተኛ፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ የነበረ ሰው።

እዚህ ጋ አባባሏን ከሱ ላይ ማንሳት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም «ከያዙም አይለቁም» ለእንዲህ አይነት ሰው ምቹ ሰበብ ነው፣ ምን ላድርግ ይዤው ነበር ይላል። ብራንት እጁ ዝሎ የሚንጠለጠል ሰው አልነበረም። ሹመት ሲጨመርለት ተቀበለ፣ በ1942 የጤና ጉዳይ ኮሚሽነር ሆነ፣ ከጦርነቱ በኋላ ናዚዎች በተዳኙበት ኑረምበርግ ፍርድ ቤት ቆሞም ስለ ግድያው ልክ ነበር ብሎ ተከራከረ። የነብሩን ጅራት ወዶት የያዘ ሰው አባባሏ ውስጥ የለም፣ ያቺ የጎደለች ሦስተኛ ግማሽ ናት።

መጨረሻው ግን አባባሏ ራሷ የጻፈችው ነው የሚመስለው። በ1944 ሞሬል ከሚባለው ሌላው የሂትለር ሐኪም ጋር፣ ሰውየው ለሂትለር ስለሚሰጠው ክኒን ተጣላና ከሂትለር አጠገብ ተባረረ፣ በሚያዝያ 1945 ሚስቱን አሜሪካኖች ወደሚመጡበት ላከ ተብሎ ያ ሰርጉ ላይ የነበረው ሰውዬ ሞት አስፈረደበት። ነብሩ ዞረ! አገዛዙ ሲፈርስ ከዛ ፍርድ ተረፈ፣ ተያዘ፣ የኑረምበርግ የሐኪሞች ችሎት ላይ ከ23 ተከሳሾች የመጀመሪያው ስም የሱ ሆነ። ሰኔ 2 ቀን 1948 ላንድስበርግ እስር ቤት ተሰቀለ፣ መሰቀያው ላይ ቆሞ ንግግር ሲያረዝም ሳይጨርስ ነው ጭንቅላቱ ላይ ጨርቅ ያለበሱት። ያ እስር ቤት ሂትለር በ1924 ታስሮ የነበረበት ነው።