የተሐድሶ ቅልጥፍና ምንድን ነው?

«ቅልጥፍናው ከፍ ያለ የተሐድሶ ክፍል የተሻለ ሕክምና ይሰጣል» የሚል አስተያየት ሰሞኑን እንደገና አነበብኩ (ተሐድሶ ስል ታካሚው አቅሙን መልሶ እንዲያገኝ የሚሰጠውን ሕክምና ነው)፤ ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። የዳሌ መጋጠሚያቸው ተሰብሮ ተኝተው በሚያገግሙ አረጋውያን ላይ ቅልጥፍና የሚባለው፣ ታካሚው ሲወጣ ከነበረው የተግባር ነጥብ ሲገባ የነበረው ተቀንሶ ለተኛበት ቀን ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ነጥቡ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው፣ ሰው ያለ ረዳት ምን ያህል ራሱን እንደሚችል ከሚለካው ፊም ከሚባለው መለኪያ ሲሆን፣ 18 የዕለት ተዕለት ተግባራት እያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 7 እየተሰጣቸው ድምሩ ከ18 እስከ 126 ይደርሳል።

በ60 ነጥብ ገብተው በ24 ቀን 84 የደረሱ እናት ቅልጥፍናቸው በቀን 1 ነው። በዚያው በ60 ገብተው በ10 ቀን በ75 የወጡት ደግሞ 1.5 ያገኛሉ። አስተያየት ሰጪው የሚያመሰግኑት የኋለኛውን ነው፤ እኔ ግን ቤታቸው ሲገቡ ማን እንደሚያነሣቸው እጠይቃለሁ። መንገዱ መጀመሪያው ሜዳ፣ መጨረሻው ዳገት ቢሆን፣ ዳገቱ ሥር የወረደ መንገደኛ በአማካይ ፍጥነት ሁሉንም ይበልጣል፤ ዳገቱን ወጥቶ ቤቱ የገባው ዘገምተኛ ይባላል። ይባስ ብሎ፣ መናኸሪያ ቆሞ የጠበቀበት ሰዓትም ይታሰብበታል፤ ሕክምናቸውን ጨርሰው የሚቀበላቸው አስታማሚ እስኪገኝ የተኙባቸው ቀናት እንዲሁ አካፋዩ ውስጥ ይገባሉና።

ነጥቦቹም እኩል አይመዝኑም። ከአልጋ ወደ ወንበር ሲዛወሩ እጄ ወገባቸውን በጥቂቱ ከደገፈ ነጥባቸው 4 ነው፤ እጄን አንሥቼ አጠገባቸው ብቻ ከቆምኩ 5፤ ዎከራቸውን (የመራመጃ ድጋፋቸውን) ይዘው ያለ ማንም ከተነሡ 6። በሂሳብ ሁለቱም እርምጃ አንድ አንድ ነጥብ ነው፤ በ5 የወጡ እናት ግን ሌሊት ሽንት በመጣባቸው ቁጥር ልጃቸውን መቀስቀስ አለባቸው፣ በ6 የወጡት ልጃቸውን ያስተኛሉ።

ያልተጠየቅሁትን ልጨምርና፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ድንገተኛ የአእምሮ መደናገር ላይ እያሉ የተመዘኑ ሰው መነሻ ነጥባቸው ዝቅ ይላል፤ መደናገሩ በራሱ ጊዜ ሲለቅ የሚገኘው ጭማሪ ለፊዚዮቴራፒው ይመዘገባል። ሙያዬን አልጠላም፣ ይህ ጭማሪ ግን የእኔ ሥራ ውጤት አይደለም። ጭማሪውን ለቀናት ሳይሆን እስከ 126 ለቀረው ነጥብ የሚያካፍለው የሞንቴቤሎ ስሌት፣ ከፍ ባለ ነጥብ የገቡትን ባይበድልም፣ ከስብራቱ በፊትም በዎከር ይሄዱ ለነበሩ ሰው የማይደርሱበትን ጣሪያ ይሰጣል። ስለዚህ ሪፖርት ሲቀርብልኝ ከቅልጥፍናው ዓምድ በፊት የማነበው፣ ሰውየው ከመሰበራቸው በፊት ምን ያህል ይራመዱ እንደነበርና ሲወጡ ወዴት እንደሄዱ ነው፤ ሁለቱ ባዶ ከሆኑ 1.5ም ሆነ 1 ለእኔ አንድ ነው።