«የሕመም እሳቤ» ምንድን ነው? (አነቃቂ ንግግር አይደለም)

ሰሞኑን ደግሞ አንድ አነቃቂ ተናጋሪ፣ ከሃርት አታክ (የልብ ደም ሥር በረጋ ደም ድንገት ተዘግቶ የልብ ጡንቻ ሲሞት) የሚያገግመው «እድናለሁ» ብሎ ያመነ ሰው ነው፣ ይህም በሳይንስ ተረጋግጧል ሲል ሰማሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሆን ዝም ብዬ ባለፍኩ። ግን እዚህ ደብረ ብርሃን ለክትትል የሚመጡ ታካሚዎችም ይህንኑ እየሰሙ ይመጣሉ። በሽተኛው ትንሽ ባሰበት ቁጥር ዘመድ «ተስፋ ስለቆረጥክ እኮ ነው» ይለዋል። በሕመሙ ላይ ጥፋተኝነት ተመረቀለት ማለት ነው።

ጥናቱ አለ። የሚለው ግን ሌላ ነው።

የሕመም እሳቤ ማለት ሰው ስለ በሽታው ለራሱ የሚሰጠው ማብራሪያ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሃዋርድ ሌቨንታል ያስጀመረው ሐሳብ ሲሆን በጥቂት ጥያቄዎች ይጠቃለላል። የያዘኝ ምንድን ነው? ምን አመጣብኝ? እስከ መቼ ይቆያል? ምን ያሳጣኛል? ልቆጣጠረው እችላለሁ? «በጎ በጎውን አስብ» የሚል ነገር የለበትም።

አንኮበር ዳገት ላይ ማሳ ያለው ገበሬ እንውሰድ። የክረምት ጎርፍ እርከኑን ናደበት። «ካቡ ሳስቶ ነው» ካለ ድንጋይ ይጨምራል። «ከላይ ያለው ቦይ ተደፍኖ ነው» ካለ ሽቅብ ወጥቶ ይጠርገዋል። «ያንድ ቀን ጎርፍ ነው» ካለ ጠጋግኖ ይረሳዋል። «መሬቱ አለቀለት» ካለ ግን ጥሎት ይሄዳል፤ ጎርፍ ያልነካው ማሳ ሁሉ ጦም ያድራል። ካቡን የሚያቆመው ድንጋይ ነው። የገበሬው ሐሳብ የሚወስነው እጁ ወዴት እንደሚሄድ ነው። ቁጭ ብሎ ማሳውን በፍቅር ዓይን ቢያየው አንዲት ድንጋይ አትነሳም።

ምሳሌው እዚህ ላይ ያነክሳል፣ ልንገራችሁ። የተናደ ካብ መልሶ ይካባል፤ የሞተ የልብ ጡንቻ ግን አይመለስም። ቦታው በሳምንታት ውስጥ ጠባሳ ይይዛል። ስለዚህ ሥራው የቀረውን ማሳ መጠበቅ ነው፤ አስፒሪኑ፣ ስታቲኑ (የኮሌስትሮል መድኃኒቱ)፣ የደም ግፊቱ፣ ሲጋራ ማቆሙ፣ የእግር ጉዞው።

አሁን ወደ ጥናቶቹ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኪት ፔትሪና ባልደረቦቹ በ1996 (በፈረንጆች) ያወጡት የኒውዚላንድ ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ ሃርት አታክ የያዛቸውን 143 ሰዎች ተከታተለ። ሕመሙ ብዙ አይቆይም፣ ብዙም አያሳጣኝም ያሉት በ6 ሳምንት ውስጥ ወደ ሥራ የመመለስ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። በ2004 ደግሞ ታካሚዎች የገዛ ልባቸውን እንዲስሉ ተደረገ። ልባቸውን ተጎድቶ የሳሉት ከ3 ወር በኋላም ማገገማቸው ዘገምተኛ ነበር። የልብ ጉዳትን የሚለካው የደም ምርመራ፣ ትሮፖኒን፣ ግን ማን ቶሎ እንደሚመለስ አልተነበየም።

ተናጋሪያችን ይህችን ይወዳታል። «አያችሁ፣ ሐሳብ ከላብራቶሪ በለጠ!» ይላል። ወዳጄ፣ በምን በለጠ? ወደ ሥራ መመለስን በመተንበይ። ሞትን አይደለም፣ የደም ሥር መዘጋትንም አይደለም። ሲስሉ የነበሩትም 74 ሰዎች ናቸው። ደግሞ ኒውዚላንድ ውስጥ «ወደ ሥራ ተመለሰ» ሲባልና መንዝ ላይ ሞፈር ተሸክሞ ወጣ ሲባል አንድ አይደለም። ለእኛ ገበሬ ያንን የሚፈቅደው ሐኪሙ ነው፣ ልቡ ደም እንዴት እንደሚገፋ በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) አይቶ።

ያው ቡድን በ2002 በ65 ታካሚዎች ላይ ሙከራ አድርጎ ነበር። ከፊሎቹን ሆስፒታል ሳሉ ሦስት ጊዜ ያህል አነጋገሯቸው። ምን እንደደረሰባቸው፣ መንስኤው ምን እንደሆነ፣ ቤት ሲገቡ ምን እንደሚያደርጉ። እነዚህ ከሌሎቹ ቀድመው ሥራ ጀመሩ፣ የደረት ሕመማቸውም ቀነሰ። «እመን» ያላቸው የለም።

እዚህ እኛ ጋ የሚያስቸግረው ሁለት ነው። አንደኛው «ሰውዬው አለቀለት» የሚለው ነው። ከሆስፒታል የወጣ አባወራ ባና ተከናንቦ እሳት ዳር ይቀመጣል፣ ልጆቹ ውኃ እንኳ አያስቀዱትም። በፍቅር ነው። ግን ጡንቻው ይሰንፋል፣ ትንሽ ሲራመድ ያለከልካል፣ «ይኸው ልቤ» ይላል። «ንዴት ነው ያመጣብኝ» ያለ ደግሞ ሰው ይርቃል እንጂ ግፊቱን አያስለካም። ንዴት ሊቀሰቅሰው ይችላል፣ አልክድም። የደም ሥሩ ግን ለዓመታት ሲጠብብ ኖሯል።

ሁለተኛው ተቃራኒው ነው፤ ተናጋሪውም ስለሱ ትንፍሽ አይልም። ቶሎ ወደ ሥራ የሚመልሰው «አለፈልኝ» የሚለው እሳቤ መድኃኒትም ያስጥላል። ስቴንት (የጠበበውን የደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) የገባለት ሰው የደም ማቅጠኛውን በራሱ ጊዜ ካቆመ ስቴንቱ በረጋ ደም ሊዘጋ ይችላል። ጻድቃኔ ማርያም ጸበል የሚሄድ ታካሚ አለኝ፤ ክኒኑን ይዞ ነው የሚሄደው፣ አንጣላም። በጾም የጠዋቱን መዋጥ ያልፈለገ ሰውም ለሐኪሙ ይንገረው። ሰዓት ይሸጋሸጋል።

ለነገሩ እኛ ዘንድ የሚያጋጥመን ጠንካራው እምነት «ጨጓራ ነው» የሚለው ነው። ደረቱን ጨምድዶ ይዞት፣ አልቦት፣ ግራ እጁ ደንዝዞ፣ አብሽ በጥብጦ ጠጥቶ ያድራል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በደንብ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ሕመሙ ከጀመረ 12 ሰዓታት ካለፉ ጥቅሙ እጅግ ይመነምናል። ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ደግሞ ቅርብ አይደለም።