ሐኪሙና ዳኛው በአንድ ክፍል፦ የኢስታንቡል ፕሮቶኮል ሥልጠና

የኢስታንቡል ፕሮቶኮል የተባበሩት መንግሥታት መመሪያ ነው። ተሰቃየሁ የሚል ሰው እንዴት እንደሚመረመርና የደረሰበት ነገር እንዴት ተመዝግቦ ለፍርድ ቤት እንደሚቀርብ ያስረዳል። ሐኪሞች፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ ጠበቆች፣ ዓቃብያነ ሕግና ዳኞች በብዙ አገሮች ሥልጠና የሚወስዱት በዚሁ መመሪያ ነው።

መነሻው ቱርክ ናት። በ1993 (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አንድ ወጣት በፖሊስ እጅ እያለ ሞተ። የመንግሥት የአስከሬን ምርመራ ሞቱን ከረሃብ አድማ ጋር አያያዘው። የቱርክ ሐኪሞች ማኅበር ግን ጉዳዩን እንደገና አይቶ ሌላ ሪፖርት አወጣ፤ በኋላም ፖሊሶች ተፈረደባቸው። ሐኪሞቹ የተጠቀሙት የሚኒሶታ ፕሮቶኮልን ነበር። እሱ ደግሞ የተጻፈው ለሞቱ ሰዎች ነው። ከእስር በሕይወት ለወጣው ምንም አልነበረም። ይህን ክፍተት ለመሙላት ከ15 አገሮች የመጡ ከ75 በላይ ባለሙያዎች ሦስት ዓመት ሠሩ። መመሪያው በነሐሴ 1999 ለሜሪ ሮቢንሰን ተሰጠ፤ ያኔ የተመድ የሰብዓዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር ነበሩ። በ2022 ተሻሽሎ ወጥቷል።

ሥልጠናው ለሐኪም የሚጀምረው ቀላል ከሚመስል ነገር ነው። ፖሊሱ ከክፍሉ ይውጣ። ካቴናው ይፈታ። ተመርማሪው ፈቃዱን ይስጥ፤ ሲደክመው ይረፍ። ጥያቄው «በዱላ መቱህ?» ሳይሆን «ከዚያስ ምን ሆነ?» ይሁን። ጠባሳ ሲገኝ ቦታው በሰውነት ሥዕል ላይ ምልክት ይደረግበት፤ ከጎኑ ማስመሪያ ተቀምጦ ፎቶ ይነሣ።

ከባዱ ትምህርት ምልክት ስለሌለው ጉዳት ነው። በደርግ ጊዜ ውስጥ እግራቸውን ወፌ ላላ የተገረፉ ሰዎች ይህን ያውቁታል። የውስጥ እግር እብጠት በሳምንታት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል፤ ሲራመዱ የሚሰማው ሕመም ግን ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ «ምንም አላገኘሁም» ብሎ መዝጋት አይችልም። የምልክት አለመኖር ሰውየው ዋሽቷል ማለት አይደለም። እንቅልፍ ማጣት፣ ቅዠት፣ ድንጋጤ፣ ቀን ማምታታት ሁሉ ይመዘገባሉ። ብዙ ጊዜ ዳኛ እንደ ውሸት የሚቆጥረው የቀን መምታታት ራሱ የጉዳቱ አካል ሊሆን ይችላል።

ሐኪሙ «ተሰቃይቷል» ብሎ አይፈርድም። ያየውን ከሰማው ታሪክ ጋር ያመሳክራል። መለኪያው አምስት ደረጃ አለው። ከታች «አይጣጣምም» ነው፤ ከላይ ደግሞ ጉዳቱ ከተባለው ነገር ውጪ በሌላ መንገድ ሊደርስ አይችልም የሚለው። ከታች ሁለተኛው «ይጣጣማል» ሌሎች ብዙ ምክንያቶችም ሊኖሩ እንደሚችሉ ይናገራል። የሕግ ባለሙያዎቹም መሠልጠን ያለባቸው ለዚህ ነው። ይህን ልዩነት የማያውቅ ጠበቃ ጥሩ ሪፖርት ይዞ ይሸነፋል። ለእኔ የሥልጠናው ዋና ጥቅም ሁለቱ ሙያዎች አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጣቸው ነው።

ሥልጠና ብቻውን ግን አይበቃም። ሜክሲኮ ጥሩ ማሳያ ናት። የፌዴራል ዓቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ፕሮቶኮሉን ቀድመው ከተቀበሉት አንዱ ነበር፤ ሐኪሞቹንም አሠለጠነ። ችግሩ መርማሪው ሐኪም ደመወዙን የሚቀበለው ከከሳሹ መሥሪያ ቤት መሆኑ ነው። በ2014 አገሪቱን የጎበኙት የማሰቃየት ጉዳይን የሚከታተሉት የተመድ ልዩ ራፖርተር ሁዋን ሜንዴዝ ይህን የነፃነት ጉድለት አንሥተዋል። ለተጎጂው የተሠራው መሣሪያ «ማስረጃ የለም» ተብሎ ፋይል መዝጊያ ሆኖ አረፈው።

ኢትዮጵያ የተመድን የፀረ ማሰቃየት ስምምነት የተቀበለችው በ1994 ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 10 የሕክምናና የሕግ አስከባሪ ሠራተኞችን ማሠልጠን ግዴታ ያደርገዋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ቃል ተቀባይነት የለውም ይላል። ግን ቃሉ በማስገደድ መገኘቱን የሚያሳይ የሕክምና ሪፖርት ከሌለ አንቀጹን በችሎት ማስፈጸም ከባድ ነው።

ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ወገኖቻችን ፕሮቶኮሉን የሚያገኙት በጥገኝነት ጉዳይ ነው። በጎ ፈቃደኛ ሐኪሞች መርምረው ለዳኛው ሪፖርት ይጽፋሉ። ከ2000 እስከ 2004 ያለውን ያየ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ እንዲህ ከተመረመሩት አመልካቾች 89 በመቶው ጥገኝነት ማግኘታቸውን አሳይቷል። የአገሪቱ አማካይ በጊዜው 37.5 በመቶ ነበር። ልዩነቱ ሁሉ የሪፖርቱ ሥራ ነው ማለት አይቻልም፤ ለምርመራ የተላኩት ቀድሞውንም ጠበቃ የነበራቸው ናቸው።