ኢስትሮጅን ሪሴፕተር የሌላት አይጥ ምንድን ናት?

ቆጣሪው ስር አምስት ስድስት ብሬከር ተደርድሮ የትኛው የትኛውን ክፍል እንደሚይዝ ማንም ያልጻፈበት ቤት ተከራይታችሁ ታውቃላችሁ? ያው የሚደረገው አንድ ነው፣ አንዱን ታወርዱና «የት ጠፋ?» ብላችሁ ትጣራላችሁ፣ ከጓዳ «እዚ ጠፋ!» የሚል ድምፅ ይመጣል፣ በቃ ያ ብሬከር የጓዳው ነው። ኖክአውት አይጥ የሚባለው ነገር ይሄው ነው። አንድ ጂን ሰውነት ውስጥ ስራው ምን እንደሆነ ለማወቅ ያንን ጂን ብቻ ያበላሹባት አይጥ እንድትወለድ ያደርጋሉ፣ ከዛ ቁጭ ብለው የት እንደጠፋ ያያሉ።

እዚ ጋ የምናወራው ስለ ኢስትሮጅን ሪሴፕተር ጂን ነው። ኢስትሮጅን ሆርሞን ነው፣ በደም ይዞራል፣ ግን ብቻውን ምንም አያደርግም፣ ሴሉ ውስጥ የሚይዘው ፕሮቲን ያስፈልገዋል፣ ያ ፕሮቲን ነው ሪሴፕተር የሚባለው። ሁለቱ ሲገናኙ ዲኤንኤ ላይ ሄደው አንዳንድ ጂኖችን ያበራሉ ያጠፋሉ። ይሄ ሪሴፕተር መኖሩ የታወቀው በ1950ዎቹ መጨረሻ ቺካጎ ውስጥ ነው፣ ኤልውድ ጄንሰን የሚባል ሳይንቲስት ሬዲዮአክቲቭ የተደረገ ኢስትሮጅን ለአይጦች ሲሰጥ ጡንቻው ወዲያው ሲለቀው ማህፀኑ ግን አልለቅም ብሎ ያዘው፣ ስለዚ ማህፀኑ ውስጥ የሚይዘው ነገር አለ ማለት ነው።

ችግሩ ያ ሪሴፕተር ባይኖር ምን ይሆናል የሚለው ነበር። ብዙ ሰው የገመተው ፅንሱ ገና ማህፀን ውስጥ እያለ ይሞታል ብሎ ነው፣ ምክንያቱም እስከዛ ድረስ ሪሴፕተሩ የሌለው በህይወት ያለ እንስሳም ሰውም ተገኝቶ አያውቅም። በ1993 (በፈረንጅ ማለቴ ነው፣ ሁሉም እንደዛ ነው) ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ዴኒስ ሉባን፣ ኬኔት ኮራክ፣ ኦሊቨር ስሚዚስ እና ባልደረቦቻቸው ሞከሩት። ስሚዚስ ማለት ጂንን ቦታው ድረስ ሄዶ ማበላሸት የሚቻልበትን ዘዴ ከሰሩት አንዱ ነው፣ በ2007 ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ኖቤል ያገኘበት። ያደረጉት ነገር የአይጥ ስቴም ሴል (ገና የፈለገውን ዓይነት ሴል መሆን የሚችል የፅንስ ሴል) ውስጥ ገብተው የሪሴፕተሩን ጂን መሀሉ ላይ ቆርጠው ሌላ የማያገባው ጂን መሰንቀር ነው፣ ልክ አንድ አረፍተ ነገር መሀል የሌላ ሰው ስልክ ቁጥር እንደመጻፍ፣ ከዛ በኋላ አይነበብም።

አይጦቹ አልሞቱም። ተወለዱ፣ በሉ፣ አደጉ፣ ከውጭ ሲያዩዋቸው ጤነኛ ናቸው። ግን ሴቶቹም ወንዶቹም መሀን ሆኑ።

ይሄ ለላብ ሰው ራስ ምታት ነው፣ ምክንያቱም ኖክአውትን ከኖክአውት አዳቅለህ ማብዛት አትችልም። ስለዚ አንድ ደህና አንድ የተበላሸ ኮፒ የያዙ እናትና አባት ይዳቀላሉ፣ ከአራት ልጅ አንዱ በአማካይ ሁለቱም ኮፒ የተበላሸበት ይሆናል። የትኛው እንደሆነ በአይን አይለይም፣ ከጭራ ጫፍ ወይ ከጆሮ ጠርዝ ትንሽ ይቆረጥና ፒሲአር የሚባለው የዲኤንኤ ምርመራ ይሰራል፣ ጄል ላይ መስመሮቹ ሲታዩ አንድ መስመር እዚ ጋ ከሆነ ጤነኛ፣ ሁለት መስመር ከሆነ ተሸካሚ፣ አንድ መስመር እዛኛው ጋ ብቻ ከሆነ የሚፈለገው እሱ ነው። ስምንት ልጅ ተወልዶ አንድም ሳይገኝ የሚቀርበት ጊዜ አለ፣ እድል ነው።

ሴቷን እንይ። ደህና አይጥ ኦቫሪዋ (እንቁላል የሚያመርተው አካል) ወጥቶ ለጥቂት ቀን ኢስትሮጅን ሲሰጣት ማህፀኗ ውሃ ይዞ ያብጣል፣ ክብደቱ እጥፍ እጥፍ ይሆናል። ኖክአውቷ ጋ የፈለጉትን ያህል ቢሰጧት እንደቀጨጨ ይቀራል። እስከዚ ድረስ የሚጠበቅ ነው። ኦቫሪዋ ግን ደም ባዘሉ ቋጠሮዎች ተሞልቶ ነበር፣ እንቁላል የለቀቀ ምልክትም የለውም። አንድ ሰው «በቃ ሪሴፕተሩ ኦቫሪ ውስጥ ስለጠፋ ኦቫሪው ተበላሸ» ሊል ይችላል፣ ነገሩ ግን እንደዛ አይደለም። በጤናማው ጊዜ ኢስትሮጅን ወደ ጭንቅላት ሄዶ «በቃ ይበቃል» ይላል፣ ጭንቅላቱም ኦቫሪን የሚቀሰቅሰውን ኤልኤች የተባለ ሆርሞን ይቀንሳል። ሪሴፕተር ከሌለ የሚሰማ የለም፣ ኤልኤች ዝም ብሎ ይጎርፋል፣ ኦቫሪው ቀን ከሌት ይደበደባል። ይሄ የታወቀው የጭንቅላቱን ትእዛዝ የሚያግድ መድሃኒት ሲሰጧት ቋጠሮዎቹ ሳይመጡ ስለቀሩ ነው። ጓዳው ጠፋ ብለህ አምፖል ልትቀይር ሄደህ ችግሩ ሳሎን ሆኖ እንደመገኘት።

ለኔ ግን የዚህ ታሪክ ትልቁ ነገር ወንዱ ነው። እኛ ሃይስኩል እያለን ኢስትሮጅን የሴት፣ ቴስቶስትሮን የወንድ ብለን ሸምድደን ነው ያለፍነው። ታዲያ የሴት ሆርሞን ሪሴፕተር ቢጠፋበት ወንዱ ለምን ይመክናል? ስፐርም ከዘር ፍሬው የሚወጣው በብዙ ፈሳሽ ተንሳፎ ነው፣ መውጫው ላይ ያሉት ቀጫጭን ቱቦዎች አብዛኛውን ፈሳሽ መጠው መልሰው ስፐርሙን ያወፍሩታል፣ ልክ ሽሮ እሳት ላይ እንደሚጠነክረው። ቱቦዎቹን ይሄን የሚያሰራቸው ኢስትሮጅን ሪሴፕተር ነው፣ በ1997 ነው የታወቀው። ሪሴፕተሩ ሲጠፋ ፈሳሹ አይመጠጥም፣ ስፐርሙ ይቀጥናል፣ ፈሳሹ ደሞ ወደኋላ ተመልሶ የዘር ፍሬውን ይወጥረዋል፣ ወጣት እያለ ደህና የነበረው አይጥ እድሜው ሲገፋ የዘር ፍሬው እየሟሸሸ ይሄዳል። ወንዱ ኢስትሮጅኑን ከየት አመጣው ካላችሁ ከራሱ ቴስቶስትሮን ነው፣ አሮማቴዝ የሚባል ኢንዛይም ይቀይርለታል።

አይጡ በወጣ በዓመቱ፣ በ1994፣ ሁለቱም የጂኑ ኮፒ የተበላሸበት አንድ የ28 ዓመት ሰው ሪፖርት ተደረገ። ቁመቱ 204 ሴንቲሜትር ደርሶ ገና እያደገ ነበር፣ አጥንቱ የ15 ዓመት ልጅ አጥንት ነበር የሚመስለው። የአጥንትን እድገት የሚዘጋው ወንድም ላይ ኢስትሮጅን እንደሆነ ያኔ ነው ቁልጭ ብሎ የታየው።

ከዛ በ1996 ስቶክሆልም ውስጥ ሁለተኛ ሪሴፕተር ተገኘ፣ ቤታ ተባለ፣ የመጀመሪያው አልፋ ሆነ። ቤታ የሌላት አይጥ በ1998 መጣች፣ ትወልዳለች ግን ጥቂት ልጅ ነው፣ ወንዱ ደሞ አይመክንም። በ1999 ሁለቱንም አጠፏቸው፣ ያቺ ሴት አይጥ ካደገች በኋላ ኦቫሪዋ ውስጥ ያሉ ሴሎች የወንድ የዘር ፍሬ ሴል መምሰል ጀመሩ። ኦቫሪ ኦቫሪ ሆኖ ለመቆየት ራሱ ስራ ይፈልጋል ማለት ነው።

አሁን አሁን ሙሉ ቤቱን ማጥፋት ቀርቷል ባይባልም ክፍል ክፍል እያሉ ነው የሚያጠፉት። ክሪ የሚባል ጂን የሚቆርጥ ኢንዛይም አለ፣ እሱ የሚሰራው የተመረጠ ሴል ውስጥ ብቻ እንዲሆን ይደረጋል፣ ስለዚ ሪሴፕተሩ ከማህፀን ሽፋን ብቻ ጠፍቶ ሌላው ጋ ሊቀር ይችላል። ይሄ በ2010 አስገራሚ ነገር አሳየ፣ ኢስትሮጅን ሲሰጥ የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ሴሎች ይባዛሉ፣ ከነዛው ሴሎች ሪሴፕተሩን ቢያጠፉም መባዛታቸውን አላቆሙም! ትእዛዙ የሚመጣው ከበታቻቸው ካለው ሌላ ሴል ነው። አይጧ ግን አሁንም አትወልድም፣ ምክንያቱም በኋላ እንደታየው ሪሴፕተሩ እንቁላል ወደ ማህፀን ከሚያልፍበት ቱቦ ሽፋንም ስለጠፋ ፅንሱ ገና ማህፀን ሳይደርስ እዛው ቱቦው ውስጥ ይሞታል።

አይጥ ሰው አይደለችም የሚለውን ሁሉም ያውቃል፣ ዑደቷ ከ4 እስከ 5 ቀን ነው፣ የወር አበባ አታይም፣ በ3 ሳምንት ትወልዳለች፣ ስለዚ ስለ ሰው የሚባለው ነገር በሰው ላይ መታየት አለበት።

አንድ የሚያስቅ ነገር ደሞ አለ። ክሪን በፈለጉት ቀን ለማብራት የሚጠቀሙበት በጣም የተለመደው ዘዴ ታሞክሲፈን መስጠት ነው፣ አዎ ያው የጡት ካንሰር መድሃኒቱ። ክሪው ከተለወጠ የኢስትሮጅን ሪሴፕተር ቁራጭ ጋ ተጣብቆ ይሰራና ታሞክሲፈን ሲገባ ይነቃል። ለሌላ ጂን ግሩም ነው። ለኢስትሮጅን ሪሴፕተር ጥናት ግን ማብሪያው ራሱ የምታጠናውን ነገር ይነካል፣ አይጧ ማህፀን ውስጥ ደሞ ታሞክሲፈን እንደ ኢስትሮጅን ነው የሚሰራው፣ ስለዚ እዚ ዘርፍ ያሉ ሰዎች ከጅምሩ በተመረጠው ሴል ብቻ የሚበራ፣ መድሃኒት የማይፈልግ ክሪ ይመርጣሉ፣ ወይ ታሞክሲፈኑ ከሰውነቷ እስኪወጣ ሳምንታት ይጠብቃሉ።