የአርሊንግተኑ ቤት ዓምዶች እብነ በረድ አይደሉም!

ሥራዬ ቨርጂኒያ ውስጥ አሮጌ ቤት ማደስ ነው። ዲሲ ያለ ሐበሻ እንግዳ ሲመጣበት ፖቶማክን አሻግሮ አርሊንግተን መቃብር ይወስደዋል። ኮረብታው ላይ ያለውን ባለ ዓምድ ቤት ሲያዩ የሚሉት ሁሌም አንድ ነው፦ "እብነ በረዱን እየው!"

የምን እብነ በረድ? ጡብ ነው። ጡቡ ተደርድሮ ተለሰነ፤ ከዚያ የድንጋዩ መስመር በቀለም ተሳለበት። ጠጋ ብላችሁ እዩት፣ ሥዕል ነው። ጡቡንም ልስኑንም እዚያው ያዘጋጁት በባርነት የተያዙ ሰዎች ናቸው። ድንጋዩን የሚያደንቅ ሰው የእነሱን እጅ ሳያይ ያልፋል፣ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ንድፉ የጆርጅ ሀድፊልድ ነው፤ የካፒቶልን (የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ) ግንባታ ከተቆጣጠሩት አንዱ። ከፊት ስድስት፣ ከኋላቸው ሁለት የዶሪክ (የጥንት ግሪክ ቤተ መቅደስ ስልት) ዓምዶች አቆመ፤ ከሥር ስፋታቸው 1.5 ሜትር ገደማ ነው። ደረጃው ላይ ለቆመ ሰው ከልክ በላይ ይወፍራሉ። የተሠሩት ግን ከወንዝ ማዶ፣ ከከተማው እንዲታዩ ነው።

"የጄኔራል ሊ (በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የደቡቡ ጦር መሪ) ቤት" የሚሉስ? ሊ አልሠራውም፣ ባለቤቱም አልነበረም። ያሠራው የጆርጅ ዋሽንግተን የማደጎ ልጅ ከስቲስ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1802 እስከ 1818። ሊ የከስቲስን ሴት ልጅ አገባ፣ በቃ።

"መንግሥት ወርሶት ቀረ" የሚሉም አሉ። ወርሶት ነበር፤ ግን በ1882 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለሊ ልጅ ፈረደለት። መንግሥት በ150,000 ዶላር ገዛው።

"የግሪክ ቤተ መቅደስ ድሮም ነጭ ነበር" የሚለውም ስህተት ነው፤ ቀለም ይቀቡት ነበር።

ከሁሉ የባሰው፣ ጡብ መሆኑን ሲሰሙ "እና በሲሚንቶ ለስኖ መገላገል ነዋ!" ማለታቸው ነው። በዚህ ምክር አሮጌ ቤቱን ያስለሰነ ደንበኛ ነበረኝ። ሲሚንቶው ጠንካራ፣ የድሮው ጡብ ለስላሳ። ውስጥ የገባው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ጡቡን ከጀርባ በላው። ልስኑን ሳንኳኳው ባዶ ድምፅ ሰጠ፤ ሲነሳ የጡቡን ፊት ይዞ መጣ።

አሮጌ ቤት የገዛችሁ ስሙኝማ። መጀመሪያ የጣሪያውን ውኃ መውረጃ አስተካክሉ። ልስኑን በጣት እያንኳኳችሁ ፈትሹ። የድሮው የኖራ ከሆነ በኖራ አስጠግኑ። ኮንትራክተሩ "ኖራ ምን ያደርጋል?" ካላችሁ ሌላ ፈልጉ። ውርጭ ባለበት ወር ደግሞ አታስጀምሩት፤ ሳይደርቅ ከቀዘቀዘ ይረግፋል።