የገናን በረዶ ከሩቅ ማየት

በገና ሰሞን በረዶ የለበሰ አገርን ሳይበርዳቸው የሚያዩ ሰዎች ብዙ ናቸው። አንዳንዱ በመስኮት ያያል። ሌላው በሥዕል፣ በፖስት ካርድ፣ በፊልም ወይም ሲነቀንቁት በረዶ በሚያዘንብ የመስታወት ኳስ ያያል። ዛሬ ደግሞ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ የቆመ ካሜራ ምስሉን በቀጥታ ስልክ ላይ ያደርሳል። የዚህ ልማድ ታሪክ በሥዕል ታሪክ፣ በአየር ጠባይ መዝገብና በፊልም ሙያ ውስጥ ተበታትኖ ነው ያለው። እዚህ የተሰበሰበውም ከእነዚያ ነው። የሥዕሉ ወገን በደንብ ስለተጻፈ ሰፋ ብሎ ይገኛል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሩቅ ማየት ብዙ ጊዜ እንደ ምትክ ይቆጠራል። ዋናው እዚያው መገኘት ነው ይባላል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው የሚለው። የገና በረዶ አሁን ያለውን መልክ ያገኘው በአብዛኛው በተመልካቾች እጅ ነው። አንዳንዶቹ ምስሉን የሠሩት እሳት ዳር ሆነው ነው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ።

ከሥዕል በፊትና በኋላ

በልደት ታሪክ ውስጥ በረዶ የለም። ማቴዎስም ሉቃስም ስለ አየሩ ምንም አልጻፉም። ቤተልሔም ከባሕር ጠለል በላይ 775 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አልፎ አልፎ በረዶ ይጥልባታል፤ ይህ ግን ከወንጌሉ ትረካ ጋር አይገናኝም። በረዶውን ወደ ቤተልሔም የወሰዱት የሰሜን አውሮፓ ሠዓሊዎች ናቸው።

በመካከለኛው ዘመን ሥዕል ውስጥ በረዶ ብርቅ ነው። ከ1412 እስከ 1416 ባሉት ዓመታት ገደማ የሊምቡርግ ወንድማማቾች የተባሉ ሠዓሊዎች ለፈረንሳዩ የቤሪ መስፍን አንድ የጸሎት መጽሐፍ አስውበው ነበር። የፌብሩዋሪው ገጽ ላይ የገበሬ ቤት አለ። ውስጡ እንዲታይ የፊት ግድግዳው ተነስቷል። ሰዎች ልብሳቸውን ገለጥ አድርገው እሳት ይሞቃሉ። ውጭ በጎቹ ጉረኗቸው ውስጥ ተጠጋግተዋል፣ የንብ ቀፎዎቹ በረዶ ደፍተዋል፣ አንድ ሰው አህያውን እየነዳ ወደ ሩቅ መንደር ያቀናል። የዚህ ልማድ ነገር ሁሉ እዚያች ገጽ ላይ አለ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሙቀቱ እዚህ ነው፤ በረዶው እዚያ ነው።

ከዚያ ወዲያ ታሪኩ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊ የታላቁ ፒተር ብሩገል ነው። ብሩገል ሰብአ ሰገል ለሕፃኑ ሲሰግዱ በበረዶ መሐል አድርጎ ሣለ። ሥዕሉ አሁን በስዊዘርላንድ ዊንተርቱር ከተማ ይገኛል። ቅንጣቶቹ በመላው ሥዕል ላይ እየወረዱ ነው። ማርያምና ሕፃኑ በግራ በኩል ጥግ ላይ ናቸው፤ ካልፈለጓቸው አይታዩም። በአውሮፓ የሸራና የሰሌዳ ሥዕል ታሪክ እየወረደ ያለ በረዶን ያሳየ የመጀመሪያው ይህ ነው የሚሉ አሉ። የተሣለበት ዓመት 1563 ነው ወይስ 1567 የሚለው ሲያከራክር ቆይቷል። አሁን ሚዛን የደፋው 1563 ነው።

በ1565 ደግሞ "አዳኞች በበረዶ ውስጥ" ተብሎ የሚታወቀው መጣ። ያሠራው የአንትወርፑ ነጋዴ ኒክላስ ዮንገሊንክ ነው። የዓመቱን ወራት ከሚያሳዩ ሥዕሎች አንዱ ሲሆን ዛሬ ከተከታታዩ አምስቱ ብቻ አሉ። ይኸኛው ቪየና ውስጥ በኩንስትሂስቶሪሽስ ሙዚየም ይታያል። ሦስት አዳኞች ከነውሾቻቸው ጀርባቸውን ሰጥተውን ከኮረብታ ይወርዳሉ። ያገኙት አንድ ቀበሮ ብቻ ነው። ከታች በረዶ በሆነ ኩሬ ላይ ሰዎች ይንሸራተታሉ፤ እንደ ጉንዳን ያንሳሉ። ከሁሉ በስተኋላ ሹል ተራራ አለ። የብሩገል አገር ግን ሜዳ ነው። ተራራውን ያመጣው ከ1550ዎቹ የጣሊያን ጉዞው ነው፤ ያኔ አልፕስን ተሻግሯል። ስለዚህ ሥዕሉ ሁለት ጊዜ ከሩቅ የታየ ነው። አንዴ ከኮረብታው ላይ፣ አንዴ ከትዝታ።

በማግስቱ ዓመት፣ በ1566፣ የቤተልሔምን ሕዝብ ቆጠራ ሣለ። ይህ ብራስልስ ነው ያለው። ቤተልሔም በዛሬዋ ቤልጅየም የፍላንደርስ አካባቢ መንደር ሆናለች። ማርያም በአህያ ተቀምጣ፣ ዮሴፍ መጋዙን ተሸክሞ በበረዶ ውስጥ ይመጣሉ፤ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። ዛሬ በረዶ የጣለበትን የልደት ትዕይንት ካርድ ላይ ስናይ የማይገርመን ለእንዲህ ዓይነት ሥዕሎች ምስጋና ይግባቸውና ነው።

ብሩገልን ወደ በረዶ የመራው ከ1564 ወደ 1565 የተሻገረው ከባድ ክረምት፣ ማለትም የአውሮፓ የብርድ ወቅት፣ ነው ተብሎ በብዙ ቦታ ተጽፏል። ያ ጊዜ "ትንሹ የበረዶ ዘመን" በሚባለው ረጅም ቅዝቃዜ ውስጥ ይወድቃል። ቅዝቃዜው መቼ እንደጀመረና መቼ እንዳበቃ ሊቃውንቱ አይስማሙም። ክረምቱ ከባድ እንደነበር ግን ጥርጥር የለም።

ገበያውም ነበር። በ1565 ብሩገል የሣላት፣ የወፍ ወጥመድ ያለባት ትንሽ የበረዶ መንደር ከ100 በላይ ቅጂዎች አሏት። ብዙዎቹ ከልጁ ከታናሹ ፒተር ብሩገል ቤት የወጡ ናቸው። ሰዎች ውጭ ብርዱን እየረገሙ፣ ውስጥ በረዶውን ግድግዳቸው ላይ ይሰቅሉ ነበር ማለት ነው። ከእነሱ በኋላ የመጣው ሆላንዳዊው ሄንድሪክ አፈርካምፕ (ከ1585 እስከ 1634) ዕድሜውን በሙሉ በክረምት ትዕይንት ላይ ነው ያሳለፈው ማለት ይቻላል። መናገር ስለማይችል "የካምፐኑ ዲዳ" ይሉት ነበር። በእሱ ሥዕሎች ሁሉም ሰው ትንሽ፣ አድማሱ ሩቅ ነው።

እንግሊዞችና ካርዱ

ለንደን ውስጥ ቴምዝ ወንዝ በብርድ በረዶ ሲሆን ላዩ ላይ ገበያ ይቆም ነበር። የመጨረሻው በ1814 ነው። ደራሲው ቻርልስ ዲከንስ ያኔ የሁለት ዓመት ልጅ ነበር። ያደገበት አሥር ዓመት በእንግሊዝ ከ1690ዎቹ ወዲህ የታየ ቀዝቃዛው ነው ይባላል። በ1815 ኢንዶኔዥያ ውስጥ የፈነዳው የታምቦራ እሳተ ገሞራም ለዚያ አስተዋጽኦ አድርጓል። ነጭ ገናን፣ ማለትም በረዶ ያለበትን ገና፣ በሰው አእምሮ የተከለው ዲከንስ ነው፣ እሱም የልጅነቱን አየር ነው የጻፈው የሚል ሐሳብ አለ። ለአንድ ደራሲ ብቻ መስጠቱ ትንሽ ይበዛል።

የዲከንስ የገና ታሪክ በታተመበት በ1843 የመጀመሪያው የገና ካርድም ለገበያ ቀረበ። ያሠራው ሄንሪ ኮል፣ የሣለው ጆን ካልኮት ሆርስሊ ነው። 1,000 ያህል ቅጂ ታተመ። የሚገርመው ካርዱ ላይ በረዶ የለም። አንድ ቤተሰብ ተሰብስቦ ወይን ይጠጣል። አንዲት ሕፃንም ስትጠጣ ስለምትታይ ወቀሳ አስነስቶ ነበር። በረዶው ወደ ካርዱ በኋላ ነው የገባው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ግን ያለ እሱ ካርድ ማሰብ ከባድ ሆነ። ከተወደዱት ምስሎች አንዱ በረዶ የያዘው የፖስታ ሠረገላ ነው። በ1836 የገና ቀን በእንግሊዝ የጣለው ከባድ በረዶ ሠረገሎችን በየመንገዱ አስቀርቶ ነበር። ውስጥ ለነበረው መንገደኛ መከራ ነው። ካርዱን ለሚያየው ጌጥ ሆነ።

የመስታወቱ ኳስ

በረዶ የሚያዘንበውን የመስታወት ኳስ፣ ስኖው ግሎብን፣ ማን ፈጠረው የሚለው መልስ እንደ ተናጋሪው ይለያያል። በ1878 ፓሪስ ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ ትርዒት ውሃ የሞላ የመስታወት ኳስ ታይቷል። ውስጡ ጃንጥላ የያዘ ሰው አለ፤ ሲገለብጡት ነጭ ዱቄት ይወርድበታል። ስለዚህ ፈረንሳዮቹ ይቀድማሉ። ልማድ ያደረገችው ግን ቪየና ናት። ኧርዊን ፔርዚ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ የሚሠራ ባለሙያ ነበር። በ1900 ገደማ የአምፖልን ብርሃን የማጠንከር ሥራ ይዞ ነበር። መነሻው የጫማ ሰፊዎች ዘዴ ነው፤ እነሱ ውሃ የሞላ ኳስ ከሻማ ፊት አስቀምጠው ብርሃኑን ያሰባስቡ ነበር። ፔርዚ ብርሃኑ እንዲያንጸባርቅ ውሃው ውስጥ ልዩ ልዩ ነገር ሞከረ። ሰሞሊና የተባለውን ሸካራ የስንዴ ዱቄት ሲጨምር ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ። አምፖሉ አልሆነም። በረዶው ግን ሆነ። የመጀመሪያ ኳሱ ውስጥ ያስገባው በኦስትሪያ የሚገኘውን የማሪያትሴልን ቤተ ክርስቲያን ነው። ቤተሰቡ እስካሁን ቪየና ውስጥ ይሠራል፤ በረዶው ከምን እንደሚሠራ ግን ለማንም አይናገሩም።

በጠራራ ፀሐይ የተሠራ በረዶ

የፊልም በረዶ ታሪክ አስቂኝም አስፈሪም ነው። መጀመሪያ ጥጥ ነበር። ጥጥ ደግሞ በእሳት ይያያዛል። ከዚያ አስቤስቶስ የተባለው የማዕድን ክር መጣ። በ1930ዎቹና 1940ዎቹ ለቤት የገና ጌጥ ሳይቀር በካርቶን ይሸጥ ነበር። እሳት አይነካውም፤ ሳንባን እንደሚጎዳ ግን ዛሬ ሁሉም ያውቃል። ነጭ የተቀባ ኮርንፍሌክስም ተሞክሯል። ችግሩ ሲረግጡት ስለሚንኮሻኮሽ የተዋንያኑን ድምፅ በኋላ እንደገና መቅዳት ግድ ይሆን ነበር።

መፍትሔው የመጣው "ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ" የተባለው ፊልም ሲሠራ ነው። ቀረጻው ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1946 ጸደይና በጋ ተካሄደ። የገና ዋዜማው በረዶ ከእሳት ማጥፊያ አረፋ፣ ከስኳር፣ ከውሃና ከሳሙና የተቀመመ ነው። በግፊት ይረጫል፣ ድምፅ የለውም፣ ልብስ ላይ ይቀመጣል። ለዚህ ፈጠራ ስቱዲዮው ከኦስካር አካዳሚ የቴክኒክ ሽልማት አግኝቷል። የዓለም ሕዝብ "የገና በረዶ እንዲህ ነው" ብሎ የተማረው ከዚህ አረፋ መሆኑ አያሳፍርም። ጥሩ ሥራ ነው።

ዘፈኑም ያው ነው። ኧርቪንግ በርሊን የደረሰውን "ዋይት ክሪስማስ" (ነጭ ገና) ዘፋኙ ቢንግ ክሮዝቢ የቀዳው በሜይ 1942፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው መግቢያው የሚናገረውም ስለዚያው ስለ ሞቃቱ አገር ነው። የሽያጩ ግምት ከ50 ሚሊዮን ቅጂ ይበልጣል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዘፈኑን አጥብቀው ከጠየቁት መሐል ሞቃት ደሴቶች ላይ የነበሩ ወታደሮች ይገኙበታል።

ለምን ከሩቅ ያምራል

አዲስ የጣለ በረዶ ከሚያርፍበት ብርሃን ከ80 እስከ 90 በመቶውን መልሶ ይበትናል። ሁሉንም ቀለም እኩል ስለሚበትን ነጭ ሆኖ ይታያል። ጥላ ያለበት ቦታ ግን ብርሃን የሚያገኘው ከሰማዩ ነው፤ ስለዚህ ጥላው ሰማያዊ ነው። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ በ1868 እና 1869 መካከል አጥር ላይ የተቀመጠች ወፍ ሲሥል ይህን ሰማያዊ ጥላ እንዳየው አኖረው። ሳሎን የሚባለው የፓሪስ የሥዕል ትርዒት በ1869 ሥዕሉን አልቀበልም አለ። ዛሬ ፓሪስ ባለው ኦርሴ ሙዚየም ውስጥ በብዛት ከሚጎበኙት አንዱ ነው።

በዲሴምበር ፀሐይ በሰሜኑ አገር ዝቅ ብላ ነው የምትሄደው። ጥላ ይረዝማል፣ ቀኑን ሙሉ የማለዳ ብርሃን ይመስላል። በረዶው ደግሞ ጭቃውን፣ ቆሻሻውንና የተሰበረውን አጥር ይሸፍናል። የሚቀረው ቅርጽ ብቻ ነው፤ ጣሪያ፣ ዛፍ፣ ጭስ። ይህን ቀርቦ ማየት አይቻልም። ቀርቦ የሚያይ ሰው እግሩ የረጠበ፣ ዓይኑ መሬት ላይ ነው።

ነጭ ገና የሚባለው መቼ ነው

እዚህ ላይ አገሮቹ አይስማሙም። ለእንግሊዙ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ለሜት ኦፊስ ዲሴምበር 25 ቀን በ24 ሰዓት ውስጥ አንዲት ቅንጣት ስትወርድ ከታየች በቂ ነው። አሜሪካኖቹ መሬት ላይ ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋሉ። ካናዳ ደግሞ በዕለቱ ጠዋት 2 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ መኖር አለበት ትላለች። ለተመልካች የሚረባው የኋለኞቹ ሁለቱ ነው፤ በአንዲት ቅንጣት ማን ይደሰታል? በእንግሊዞቹ መዝገብ በ2010 የገና ቀን ከአየር ጠባይ ጣቢያዎቹ 83 በመቶው መሬት ላይ በረዶ ነበራቸው። በ1752 አቆጣጠራቸውን ሲቀይሩ 11 ቀን በመዝለላቸው ገና ወደ ሞቃቱ ጊዜ ጠጋ ማለቱም ይነገራል።

በደቡቡ የምድር ክፍል ገና በጋ ላይ ነው። አውስትራሊያና ኒውዚላንድም የበረዶ ካርድ ይላላካሉ።

ዛሬ በቀጥታ

በኖቬምበር 2009 የኖርዌይ ብሔራዊ ቴሌቪዥን ኤንአርኬ ከበርገን እስከ ኦስሎ ያለውን የ7 ሰዓት ያህል የባቡር ጉዞ ሳይቆርጥ አሳየ። አንድ ሚሊዮን የሚያህል ሰው ቢያንስ ከፊሉን አየ። ሐዲዱ በረዷማ ተራራ ላይ ያልፋል። ከዚያ ወዲህ የባቡር ሹፌር መስኮት ላይ በተገጠመ ካሜራ የሚቀረጽ የክረምት ጉዞ በኢንተርኔት እንደ ልብ ነው።

በቀጥታ ለማየት የሚፈልግ አማራጭ አለው። ጃፓን ውስጥ ናጋኖ አካባቢ ያለው የጂጎኩዳኒ ፓርክ ፍል ውሃ ውስጥ የሚሞቁ ዝንጀሮዎችን ያሳያል። የአሜሪካው የሎውስቶን ፓርክ ካሜራ ኦልድ ፌይዝፉል የሚባለውን ፍል ውሃ ይከታተላል፤ በአማካይ በየ90 ደቂቃው ግድም ይፈነዳል፣ በብርድ ጊዜ እንፋሎቱ ይጎላል። ፊንላንድ ያለችው ሮቫንየሚ ደግሞ በአርክቲክ ክበብ አጠገብ ናት። የገና አባት መንደር ካሜራ ያለው እዚያ ነው።

ሰዓቱን ማስላት ግድ ነው። ሮቫንየሚ በገና ሰሞን ፀሐይ ከአድማስ እምብዛም ስለማትወጣ ብርሃን ያለው እኩለ ቀን አካባቢ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። የፊንላንድ ሰዓት በክረምት ከግሪንዊች በ2 ሰዓት ይቀድማል፤ ጃፓን በ9 ይቀድማል፤ የሎውስቶን በ7 ይዘገያል። ምስሉ ጨለማ ከሆነ ካሜራው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ነጭ ብቻ ከሆነም ብዙ ጊዜ ሌንሱ ላይ በረዶ ተለጥፎ ነው፤ እስኪወድቅ ወይም አንድ ሰው እስኪጠርገው ወደ ሌላ ካሜራ መሄድ ይሻላል።