ቻርተር የግል ትምህርት ቤት አይደለም፤ ዕጣውም ዕቁብ አይደለም

ልደት ልሂድ፣ ለቅሶ ቤት ልሂድ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያለ ሐበሻ ሥራዬን ሲሰማ የሚጠይቀኝ ያው ነው። «የትኛው ቻርተር ነው ጥሩ? ስንት ያስከፍላል?» ወላጅ የልጁን ትምህርት ቤት ራሱ ይምረጥ እያልኩ 15 ዓመት አጥንቻለሁ፣ ጽፌያለሁ፣ ተከራክሬያለሁ። ያቺ «ስንት ያስከፍላል» የምትለው ጥያቄ ግን ዛሬም አልለቀቀችኝም። ጽፌው ልረፍ።

«ቻርተር የግል ትምህርት ቤት ነው።» አይደለም። ገንዘቡ የመንግሥት ነው፤ ለተማሪው ነፃ ነው። ልዩነቱ የሚያስተዳድረው የራሱ ቦርድ መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን የቻርተር ሕግ ሚኒሶታ በ1991 አወጣች፤ ዲሲ በ1996 ተከተለች። ዛሬ ዲሲ ውስጥ በመንግሥት ወጪ ከሚማሩት ልጆች ግማሽ ያህሉ ቻርተር ውስጥ ናቸው። ግማሽ ከተማ የግል ትምህርት ቤት የሚከፍል ይመስላችኋል?

«ቫውቸርም ያው ነው።» ቫውቸር መንግሥት ለግል ትምህርት ቤት የሚከፍልልህ ገንዘብ ነው። ዲሲ ውስጥ ከ2004 ጀምሮ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ቤተሰቦች ይሰጣል። ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ ሕግ።

«ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ብኖርም ልጄን ዲሲ አስገባለሁ።» አታስገባም። የዲሲ ነዋሪ መሆንህን ታሳያለህ፤ አለዚያ ትከፍላለህ። የአክስትህን አድራሻ መጻፍ ምክር አይደለም፣ ማጭበርበር ነው። የኢሚግሬሽን ወረቀት ግን ማንም አይጠይቅህም።

«ወላጅ ይምረጥ የሚለው የሀብታም ነጮች ሐሳብ ነው።» እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለ። የቫውቸርን ሐሳብ ኢኮኖሚስቱ ሚልተን ፍሪድማን በ1955 ጽፎታል። የደቡብ ዘረኞችም ልጆቻቸው ከጥቁር ልጆች ጋር እንዳይማሩ ተመሳሳይ ዘዴ ተጠቅመዋል። ቨርጂኒያ ውስጥ ያለው የፕሪንስ ኤድዋርድ ካውንቲ ከ1959 እስከ 1964 የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹን ጭራሽ ዘግቶ ነበር። ይህን አልክድም። ነገር ግን በ1990 የሚልዋኪ ከተማን ቫውቸር ታግላ ያሳለፈችው የዊስኮንሲን ምክር ቤት አባል ፖሊ ዊሊያምስ ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች፣ ዲሞክራት ነበረች፣ የወከለችውም የድሆች ሰፈር ነው። የዚያው ከተማ የትምህርት ኃላፊ የነበረው ሃዋርድ ፉለርም ሥልጣኑን በ1995 ከለቀቀ በኋላ ዕድሜውን ለዚሁ ክርክር ሰጥቷል። እነሱን ሳያውቁ ሐሳቡ የማን እንደሆነ የሚነግሩኝ ሰዎች ያበሽቁኛል።

«አንተ ደጋፊ ስለሆንክ ውጤቱ ሁሌም ጥሩ ነው ትላለህ።» አልልም። የዲሲ ቫውቸር ጥናት በ2010 ሲወጣ፣ በወላጆች ቃል መሠረት፣ ቫውቸር ከተሰጣቸው ልጆች 82 በመቶው ሁለተኛ ደረጃ ጨርሰዋል፤ ካልተሰጣቸው 70 በመቶው። በ2017 የወጣው ሌላ ጥናት ግን ልጆቹ በመጀመሪያው ዓመት በሒሳብ ወደ ኋላ መቅረታቸውን አሳየ። በ2019 ሲታይ ልዩነቱ ጠፍቷል። የቦስተን ቻርተሮች ውጤት ያኮራል፤ የኢንተርኔት ቻርተሮች ውጤት ያሳፍራል። ሁለቱንም ጽፌያለሁ። ለመጀመሪያው አጨብጭበውልኛል፣ ለሁለተኛው ደግሞ ወዳጆቼ አኩርፈውኛል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ፣ ወደ ትምህርት ቤት ዕጣው። «አንደኛ ላይ የማይቀርልህን ጻፍ፣ አለዚያ ዕድልህን ታቃጥላለህ።» ይህን ምክር ማን እንደጀመረው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ከ2014 ጀምሮ የዲሲ ወላጅ በአንድ ማመልከቻ እስከ 12 ትምህርት ቤት በቅደም ተከተል ይጽፋል። ታክሲ የሚነዳ ጎረቤቴ ለሦስት ዓመት ልጁ ሞላ። ልቡ የነበረው በሁለት ቋንቋ የሚያስተምረው ቻርተር ላይ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባው ግን መከረው። ሰው የማይሻማበትን አንደኛ አደረገ፤ የልቡን ሁለተኛ። አንደኛው ደረሰው። ውጤቱን ስልኩ ላይ እያሳየኝ ሲስቅ እኔ ምን እንደምለው ጠፋኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ለልጅህ የዕጣ ቁጥር ይሰጣል። መጀመሪያ አንደኛ ያልከው ላይ ይሞክርልሃል። ቦታው ቅድሚያ ባላቸው፣ ለምሳሌ ወንድም ወይም እህት እዚያው በሚማርላቸው፣ ወይም የተሻለ ቁጥር በወጣላቸው ልጆች ከሞላ ወደ ሁለተኛው ያልፋል። እዚያ ስትደርስ «አንተማ ሁለተኛ ነው ያደረግኸን» የሚልህ የለም። ያንን ትምህርት ቤት አንደኛ ብሎ ከጻፈው ሰው እኩል ትቆማለህ። ቅድሚያችሁ አንድ ሆኖ የዕጣ ቁጥርህ ከተሻለ ወንበሩ ያንተ ነው። ስለዚህ የምትወደውን አንደኛ በመጻፍህ የምታጣው ነገር የለም። ዘዴው የተገኘው በ2012 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ካስገኘው ምርምር ነው፤ ብልጥ ነኝ የሚለውን ሰው ብልጠት ዋጋ ለማሳጣት የተሠራ ነው።

የባሰው ይኸውላችሁ። አንዱ ሲደርስህ ከሱ በላይ በጻፍካቸው ላይ ተጠባባቂ ትሆናለህ። ከሱ በታች ያሉት ይሰረዛሉ። ጎረቤቴ የልቡ ትምህርት ቤት ላይ ተጠባባቂ እንኳን አልሆነም። ዕቁብ ቢሆን ኖሮ ዘንድሮ ባይወጣ በሚቀጥለው ዙር ይወጣ ነበር።

ቀድሞ ማመልከትም አያስቀድምም። ቀነ ገደቡ እስካላለፈ ድረስ በዲሴምበር የሞላና በመጨረሻዋ ማታ የሞላ እኩል ናቸው። ካለፈ ግን ተጠባባቂው መጨረሻ ላይ ትሰለፋለህ። ከኪንደርጋርተን ጀምሮ የሰፈርህ ትምህርት ቤት ያለ ዕጣ መብትህ ነው፤ ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ ግን ማመልከት አለብህ። የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቅ፤ አማርኛ ከተማው በሕግ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ባልደረባህን አትጠይቅ።

ዘንድሮ ከጎረቤቴ ጋር ወጥ ቤታቸው ቁጭ ብለን ሞላን። የልቡን አንደኛ። ሦስተኛው ደረሰው፤ ለአንደኛው ተጠባባቂ ቁጥሩ 41 ነው። ደረጃው ላይ በተገናኘን ቁጥር «ዶክተር፣ 41 ይደርሳል?» ይለኛል። እኔም «እስከ ኦክቶበር እንይ ጋሼ» እላለሁ።